ታሪኩን የማታውቁትን ሄልሜት አትልበሱ፦ ለጀማሪ የሞተር ስፖርት ተወዳዳሪዎች የመከላከያ ዕቃ አመራረጥ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ እሁድ ጠዋት፣ ሱሉልታ ዳር ባለ ሜዳ ተሰብስበን ነበር። አራት መኪና፣ ሁለት ሞተር፣ አንድ ትልቅ ፔርሙዝ ሻይ። ኮን ደርድረን ሰዓት ልንይዝ ነው። አንድ ወጣት አዲስ የገዛውን ሄልሜት ይዞ መጣ። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል። ‹‹አንዴ ብቻ ነው የተለበሰው፣ ምንም አልነካውም›› ብለው ሸጠውለታል። የውስጡን ጨርቅ አውጥቼ ልየው አልኩት። ጨርቁን ሳወጣው ከግንባር በላይ ያለው ነጭ ፎም ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ከውጪ ግን አንዲት ጭረት አትታይም። በአዲስ ቀለም ተሸፍናለች።

ያ ሄልሜት አንድ ሰው አድኖ ይሆናል። ሁለተኛ ሰው ማዳን ግን አይችልም። ልጁ ያን ቀን ሳይነዳ ዋለ። በጣም ከፋው፣ እኔም ከፋኝ።

እኛ ሀገር የመወዳደሪያ ዕቃ ከአንድ ሱቅ ተሟልቶ አይገዛም። ከመርካቶ ይመጣል፣ ከዱባይ በሻንጣ ይመጣል፣ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ይተላለፋል። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የዕቃውን ታሪክ ጠይቁ። መቼ ተሠራ? ማን ለበሰው? ወድቆ ያውቃል? መልስ ከሌለው፣ ቆንጆም ቢሆን ተዉት። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል እኔ ራሴ ለአዲስ ሰው ዕቃ ስንገዛ የምከተለው ነው።

1. መጀመሪያ የምትነዱትን ለዩ

የራስ ቁር ሁሉ አንድ አይደለም። ለመኪና የተሠራው፣ ለሞተር የተሠራው እና ለጎ-ካርት የተሠራው ይለያያሉ። ልዩነቱ የመልክ ሳይሆን የተፈተኑበት አደጋ ነው።

መኪና ውስጥ ሁለት ነገር ያሰጋል፤ እሳትና ብረት። ነዳጅ ሊቀጣጠል ይችላል፣ ጭንቅላት ከካቢን ብረት ጋር ሊጋጭ ይችላል። ስለዚህ የስኔል ፋውንዴሽን ለመኪና ውድድር የሚያወጣው ‹‹ኤስኤ›› የተባለው ደረጃ የውስጡ ጨርቅ እሳት እንዲቋቋም ይጠይቃል። ከጠባብ ብረት ጋር መጋጨትንም ይፈትናል። ‹‹ኤም›› የሚለው ለሞተር ነው። የእይታ ክፍተቱ ሰፊ ነው፣ የእሳት ፈተና ግን የለበትም። ‹‹ኬ›› ለጎ-ካርት ነው፤ እሱም የእሳት ፈተና የለበትም። ከደረጃው ቀጥሎ ዓመት አለ፤ ኤስኤ2015፣ ኤስኤ2020 እየተባለ ይሄዳል። ዓመቱ ደረጃው የወጣበት ነው እንጂ ሄልሜቱ የተሠራበት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ስለ ስኔል አንድ ነገር ልጨምር። ፒት ስኔል የስፖርት መኪና ተወዳዳሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 በውድድር ላይ ራሱን ተመትቶ ሞተ። በዘመኑ ጥሩ የሚባል ሄልሜት አድርጎ ነበር፣ አላዳነውም። ወዳጆቹ በቀጣዩ ዓመት በስሙ ፋውንዴሽን አቋቋሙ፤ ሥራው ሄልሜት መፈተን ሆነ። ያ ትንሽ ስቲከር የመጣው ከአንድ ሰው ቀብር ነው። እሱን ሳስብ ስቲከሩን ቸል ማለት አልችልም።

ከስኔል ሌላ የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት አስተዳዳሪ የኤፍአይኤ 8859-2015 ምልክት ያለው ሄልሜት ለመኪና ጥሩ ነው። ለሞተር ደግሞ የአውሮፓው ኢሲኢ 22.06 አዲሱ ደረጃ ነው። ከቀድሞው 22.05 የሚለየው ጭንቅላት ተጠማዝዞ ሲመታ የሚደርሰውን ጉዳት ጭምር መፈተኑ ነው።

ልጆችን በጎ-ካርት የምታስነዱ ወላጆች፣ የእናንተን ሄልሜት ጨርቅ ጨምራችሁ አታልብሷቸው። የልጅ አንገት ገና ነው፣ ከባድ ሄልሜት ራሱ ይጎዳዋል። ለልጆች ቀለል ተደርጎ የሚሠራ ‹‹ሲኤምአር›› የሚባል የስኔልና የኤፍአይኤ የጋራ ደረጃ አለ። እሱን ፈልጉ።

የግንባታ ሠራተኛ ቆብ፣ የብስክሌት ሄልሜት፣ አገጭ የማይሸፍን ግማሽ ሄልሜት ለውድድር አይሆኑም። አዘጋጅ ካለም ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የትኛውን ደረጃ እንደሚቀበል ጠይቁት።

2. ጭንቅላታችሁን ለኩ

የልብስ ሰፊ ሜትር ውሰዱ። ከቅንድብ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ ከጆሮ በላይ አሳልፋችሁ፣ ከኋላ ጎልቶ በሚወጣው የራስ ቅል ላይ አዙሩት። ሦስት ጊዜ ለኩና ትልቁን ቁጥር ያዙ። ሜትር ከሌለ በክር ለክታችሁ ክሩን በማስመሪያ ለኩት። ቁጥሩን ከአምራቹ ሰንጠረዥ ጋር አስተያዩ። የአንዱ ‹‹ሚዲየም›› የሌላው ‹‹ላርጅ›› ሊሆን ይችላል።

ሹሩባ የምትሠሩ እህቶች፣ በምትወዳደሩበት አሠራር ሆናችሁ ለኩ። ወፍራም ጉንጉን አናት ላይ ካለ ሄልሜቱ ቁልቁል አይገባም፣ ፎሙም ከራስ ቅል ይርቃል። ከጭንቅላት ጋር የተጣበቀ ቀጭን ሹሩባ ይሻላል። ወንዶችም አፍሮ ያላችሁ እንደዚሁ። ፀጉር ከተቆረጠ በኋላ ሄልሜት እንደሚላላ አትርሱ።

ከዚያ ልበሱት። ጉንጫችሁ ተጨቁኖ ከንፈር ትንሽ ሞጥሞጥ ካለ ልኩ ጥሩ ነው። አዲስ ጨርቅ በጥቂት ቀን ይለምዳል፣ ይሰፋል። ሁለት ልክ መሐል ከሆናችሁ ትንሹን ሞክሩ። አሁን ማሰሪያውን አጥብቁና ሦስት ነገር አድርጉ። ሄልሜቱን ይዛችሁ ግራና ቀኝ አዙሩት፤ የግንባር ቆዳችሁ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት። ቀጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች። በመጨረሻ ጓደኛችሁ ከኋላ የታችኛውን ጠርዝ ይዞ ወደ ፊት ሊገለብጠው ይሞክር። ከራሳችሁ ከወጣ፣ በአደጋ ጊዜም ይወጣል። አትግዙት።

ሱቅ ውስጥ ለ20 ደቂቃ አድርጋችሁት ቆዩ። ሻጩ ያጉረመርም ይሆናል። ያጉረምርም። ግንባር ላይ አንድ ቦታ ብቻ እንደ ጣት የሚወጋ ሕመም ከተሰማችሁ የሄልሜቱ ቅርጽ ከራሳችሁ ቅርጽ ጋር አልተስማማም። ትልቅ ልክ መቀየር መፍትሔ አይሆንም፣ ሌላ ሞዴል ሞክሩ። መነጽር የምታደርጉ ደግሞ መነጽራችሁን አድርጋችሁ ፈትኑት።

3. ስቲከሩን ከውስጥ አንብቡ

የውጪ ስቲከር ማንም ማተሚያ ቤት ያትመዋል። የስኔል ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ፣ ከጨርቁ ሥር፣ ተከታታይ ቁጥር ይዞ ይለጠፋል። የኢሲኢ ምልክት የአገጭ ማሰሪያው ላይ የተሰፋ ጨርቅ ነው። በክብ ውስጥ ‹‹ኢ›› የሚለው የላቲን ፊደል አለ፣ አጠገቡ ቁጥር። ቁጥሩ ፈቃዱን የሰጠውን ሀገር ያመለክታል፤ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን እያለ ይቀጥላል። ሄልሜቱ የተሠራበትን ሀገር አያሳይም።

የአሜሪካው ‹‹ዶት›› ምልክት ከኋላ ይለጠፋል። እዚያ አምራቹ ራሱ ነው ‹‹ደረጃውን አሟልቻለሁ›› ብሎ የሚለጥፈው፣ ቀድሞ የሚፈትን ሌላ አካል የለም። ስለዚህ ዶት ብቻውን ሲሆን እኔ ወደ እጄ ሚዛን እመለሳለሁ። ደህና ሄልሜት ውስጡ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ያለው ጠንካራ ፎም አለው። ክብደቱም ከ1 ኪሎ በላይ ነው። ግማሽ ኪሎ የማይሞላ፣ ውስጡ ስስ ስፖንጅ ብቻ የሆነ ነገር ለፎቶ እንጂ ለአደጋ አልተሠራም።

የተሠራበትን ወርና ዓመት ፈልጉ። ማሰሪያው ላይ ወይም ጨርቁ ሥር ይኖራል። ተፍቆ ከሆነ ወይም ከሌለ፣ ታሪኩ ጠፍቷል ማለት ነው።

4. ያገለገለ ሄልሜት ሲቀርብላችሁ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የሄልሜት ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ ሥራውን ሁሉ እሱ የሚሠራ ይመስለናል። አይደለም። ዋናው ሠራተኛ ነጩ ፎም ነው። ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚመጣው ነጭ ፎም ጋር ዘመድ ነው፣ የሄልሜቱ ግን ጥግግቱ ተለክቶ የተሠራ ነው። ጭንቅላት ሲመታ ፎሙ ይጨፈለቃል። እየተጨፈለቀ ጉልበቱን ይበላል፣ አንጎላችሁ የሚቆምበትንም ጊዜ ያረዝማል። የሚቆጠረው ያቺ የሰከንድ ሽራፊ ናት። ፎሙ አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም። በዚያ ቦታ ሁለተኛ ምት ሲመጣ የሚበላው ነገር የለም።

ቅርፊቱ ግን ተመልሶ ቦታውን ሊይዝ ይችላል። ለዚህ ነው ከውጪ ደህና መስሎ ከውስጥ የሞተ ሄልሜት የሚኖረው። ሻጩ ላያውቅም ይችላል፣ ሁሉም ሻጭ ሌባ አይደለም።

እኔ ከማላውቀው ሰው ያገለገለ ሄልሜት አልገዛም። በቃ። ከቅርብ ጓደኛ ከሆነና ታሪኩን ካመናችሁት፣ ጨርቁን ሙሉ በሙሉ አውጡ። ፎሙን በብርሃን እዩት። ስንጥቅ፣ ጎድጎድ ያለ ቦታ፣ ያንጸባረቀና የተጨመቀ ክፍል፣ በሙጫ የተያያዘ ነገር ካለ መልሱለት። ቅርፊቱን በሁለት እጅ ጨመቅ አድርጉ፤ ከተንኳኳ ወይም ‹‹ቂጭ›› ካለ ተለያይቷል። የማሰሪያው ክር ከተበላ እንደዚሁ።

ስለ ቀለም ደግሞ፣ እባካችሁ ሄልሜት ጋራዥ ወስዳችሁ አታስቀቡ። ቲነር ያለበት ቀለም የፕላስቲክ ቅርፊትን ያዳክማል፣ ፎሙንም ይበላዋል። ለመኪና ስፖንዳ የሚሆን ቀለም ለሄልሜት አይሆንም። በደንብ የተቀባ ያገለገለ ሄልሜት ሳይ የምጠይቀው ከሥሩ ምን እንዳለ ነው።

ዕድሜውም አለ። ሳይወድቅም ቢሆን ስኔል በ5 ዓመት እንዲቀየር ይመክራል። ላብ፣ የፀጉር ቅባት፣ ፀሐይና የቤንዚን ትነት ቀስ በቀስ ይጎዱታል። የእኛ ፀሐይ ደግሞ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ የምትወርድ ናት፣ ትፋጃለች።

5. ከውጭ ሀገር በሻንጣ ሲመጣ

ዘመድ እንዲያመጣላችሁ ስትጠይቁ መለኪያችሁን በሴንቲ ሜትር፣ የደረጃውን ስም ከነዓመቱ ጽፋችሁ ስጡት። ‹‹ጥሩ ሄልሜት አምጣልኝ›› ካላችሁት ቆንጆውን ነው የሚያመጣው። ከመክፈሉ በፊት የውስጡን ስቲከር ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ከቻለ በእጅ ሻንጣ ይያዘው። ካልቻለ በልብስ ተጠቅልሎ ከሻንጣው መሐል ይሁን፣ በውስጡ ጫማ አይጠቀጥቅበት። የግዢውን ደረሰኝም ያስቀምጥ። ጉምሩክ ላይም ይጠቅመዋል፣ በኋላም የሄልሜቱ የልደት ካርድ ይሆናል።

6. መኪና ለምትነዱ፦ ቀበቶ፣ ወንበር፣ ብረት፣ አንገት

ሄልሜት ብቻውን አይበቃም። ሰውነት ካልተያዘ ጭንቅላት አይድንም። እነዚህ ነገሮች እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፣ አንዱን ገዝቶ ሌላውን መተው አንዳንዴ ከምንም ይብሳል።

ምሳሌ ልስጥ። ጓደኞቼ ዲኤክስ ላይ ባለ 4 ነጥብ፣ ማለትም አራት ቦታ ላይ የሚታሰር፣ ቀበቶ ያስገባሉ፤ የትከሻውን ማሰሪያ ከኋላ ወለል ላይ በብሎን ያስሩታል። ጠንካራ ይመስላል። ግጭት ሲመጣ ግን ማሰሪያው ትከሻን ቁልቁል ይጎትታል፣ አከርካሪ ይጨመቃል። የትከሻ ማሰሪያ ከወንበሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ለአግድም የቀረበ መሆን አለበት፤ ከ45 ዲግሪ በላይ ቁልቁል መውረድ የለበትም። በእግር መሐል የሚያልፈው ማሰሪያም ያስፈልጋል፤ እሱ ከሌለ ሰው ከወገብ ቀበቶው ሥር ወደ ፊት ይንሸራተታል። ስለዚህ ባለ 6 ነጥብ ይሁን። የትከሻ ማሰሪያ ማሳለፊያ ቀዳዳ ባለው የውድድር ወንበር ላይ ይታሰር፤ የቤት መኪና ወንበር ላይ ማሰሪያው ከትከሻ ይንሸራተታል።

ይህን ሁሉ ማሟላት ካልቻላችሁ፣ ኮን መሐል ለሚደረግ ቀስ ያለ የሰዓት ውድድር የመኪናው የራሱ ባለ 3 ነጥብ ቀበቶ በሥርዓት ከታሰረ ይሻላል። እሱ በፋብሪካ ተፈትኗል። ያ የወለል ብሎን አልተፈተነም።

የቀበቶ ጨርቅ ያረጃል። ኤፍአይኤ የፈቀደው ቀበቶ የሚያበቃበት ዓመት ተጽፎበታል። ኤስኤፍአይ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ምልክት ያለው ደግሞ የተሠራበት ወርና ዓመት አለው፣ ብዙውን ጊዜ ለ2 ዓመት ነው የሚፈቀደው። ሶማሌ ተራ ያገኛችሁት ያገለገለ ቀበቶ ቀለሙ ከደበዘዘ፣ ጠርዙ ከተፈተለ ወይም ከተሰባበረ መኪና የወጣ ከሆነ ተዉት። ቀበቶም እንደ ሄልሜት ነው፤ በግጭት አንዴ ከተለጠጠ ሥራውን ጨርሷል።

የብረት ካቢን ወይም ሮል ኬጅ የምታሠሩ፣ ለበያጁ ‹‹ወፍራም ቧንቧ አድርግልኝ›› አትበሉት። የውኃና የአጥር ቧንቧ ስፌት አለው፣ በዚያው ይከፈታል። ኤፍአይኤ ለዋናው ቅስት የሚጠይቀው ስፌት የሌለው፣ በቀዝቃዛ የተሳበ ብረት ነው። ልኩም ቢያንስ 45 ሚሊ ሜትር በ2.5 ወይም 50 ሚሊ ሜትር በ2 ነው። ጭንቅላት የሚደርስበት ብረት ሁሉ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ጠንካራ ፎም ይሸፈን። ለስላሳ ስፖንጅ ዋጋ የለውም። ያንኑ መኪና ሰኞ ያለ ሄልሜት ወደ ሥራ አትንዱት፤ ባዶ ራስ ከዚያ ብረት ጋር ሲጋጭ ያው ብረት ገዳይ ነው።

አሁን አንገት። በቀበቶ የታሰረ ደረት በግጭት ይቆማል። ጭንቅላት ከነሄልሜቱ ግን መሄዱን ይቀጥላል፣ የሚይዘው አንገት ብቻ ነው። የራስ ቅል ሥር የሚሰበረው እንዲህ ነው። አሜሪካዊው የባዮሜካኒክስ ፕሮፌሰር ሮበርት ሃበርድ ከአማቹ ከተወዳዳሪው ጂም ዳውኒንግ ጋር ሆኖ ለዚህ መላ ያበጀው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ሃንስ ይባላል። ትከሻ ላይ የሚቀመጥ ጠንካራ ኮሌታ ነው፣ የትከሻ ቀበቶ ከላዩ ያልፋል፣ ከሄልሜቱ ጎንና ጎን በማሰሪያ ይያያዛል። ለዓመታት ብዙዎች አልፈለጉትም ነበር። ታዋቂው አሜሪካዊ የመኪና ተወዳዳሪ ዴል ኧርንሃርት እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 2001 በዴይቶና በራስ ቅል ሥር ስብራት ሲሞት ብዙ ሰው ነቃ። ፎርሙላ ዋን በ2003 ግዴታ አደረገው።

ሃንስ ውድ ነው። ካላችሁ ገንዘብ ግን ከጎማ በፊት እሱን ግዙ። የምትገዙት ሄልሜት የሃንስ ብሎን መያዣ ቀዳዳ ያለው ይሁን፤ በራሳችሁ ድሪል ቅርፊቱን እንዳትበሱት።

7. ልብስና እሳት

ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ ያለ ወጪ የምታደርጉት አለ። የእግር ኳስ ማሊያ ለብሳችሁ አትንዱ። ፖሊስተርና ናይለን በእሳት ይቀልጣሉ፣ ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ። የጥጥ ልብስ ይቃጠላል፣ ግን አይቀልጥም። የውስጥ ልብስና ካልሲ ጭምር ጥጥ ወይም ሱፍ ይሁን።

የውድድር ቱታ ስትፈልጉ የኤፍአይኤ 8856 ወይም የኤስኤፍአይ 3.2ኤ ምልክት እዩ። የኤስኤፍአይ ከኋላው ቁጥር አለው። 3.2ኤ/1 የሚለው ባለ አንድ ድርብ ሲሆን ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ ከመድረሱ በፊት 3 ሰከንድ ያህል ይሰጣል። 3.2ኤ/5 ደግሞ 10 ሰከንድ ያህል። 7 ሰከንድ ምን ይጠቅማል ትሉ ይሆናል። በጓንት እጅ ቀበቶ ፈትታችሁ ከመኪና ለመውጣት ስንት እንደሚፈጅባችሁ ዛሬ ማታ በስልክ ለኩት። የፎርሙላ ዋን ተወዳዳሪው ሮማን ግሮዣን እ.ኤ.አ. በ2020 ባህሬን ላይ መኪናው ለሁለት ተከፍሎ ሲነድ እሳት ውስጥ 28 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ወጥቷል። የተቃጠሉት በዋናነት እጆቹ ናቸው። ጓንት የመጨረሻ የሚገዛ ዕቃ እንዳልሆነ ከዚህ ተማርኩ።

ቱታው ላይ ስም ለማስጠለፍ ልብስ ሰፊ ጋ የምትሄዱ፣ በናይለን ክር አይጥለፍ። መርፌው ከላይኛው ድርብ አልፎ ወደ ውስጥ አይግባ። ዘይትና ቤንዚን የነካው ቱታ ሳይታጠብ አይለበስ፣ በረኪናም አይንካው።

እሳት ማጥፊያ ሾፌሩ ታስሮ ሊደርስበት የሚችል ቦታ ላይ፣ በብረት መያዣ ይታሰር። በሽቦ የታሰረ ማጥፊያ በግጭት ጊዜ የሚበር 2 ኪሎ ብረት ነው። የግፊት ጠቋሚው አረንጓዴው ላይ መሆኑን ሁልጊዜ እዩ።

8. ሞተር ለምትነዱ

በአፈር ላይ ለሚነዳ ሞተር ከሄልሜት ቀጥሎ ቡት ነው የምለው። ብዙ ሰው የደረት መከላከያ ያስቀድማል፣ ምክንያቱም በፎቶ ይታያል። ሜዳችን ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ላይ እግር ይይዛል፣ ሞተሩ ሲወድቅ እግር ከሥር ይቀራል። ቁርጭምጭሚትና ቅልጥም የሚያድነው እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ በመቆለፊያ የሚታሰር የሞቶክሮስ ቡት ነው። የጎማ ቦቲ አጥንት አያድንም።

ከዚያ መነጽር፣ ጓንት፣ የጉልበትና የክርን መከላከያ፣ የጀርባና የደረት። መከላከያዎቹ ላይ ኢኤን 1621 የሚል የአውሮፓ ደረጃ ጽሑፍ ፈልጉ። ደረጃ 1 እና ደረጃ 2 አለ። የጀርባ መከላከያ ላይ ደረጃ 1 በአማካይ እስከ 18 ኪሎ ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) የሚደርስ ምት ወደ ሰውነት ያሳልፋል፣ ደረጃ 2 ግን ከ9 አይበልጥም። ልዩነቱ እጥፍ ነው። ጽሑፉ የሌለው ለስላሳ ስፖንጅ ልብስ ማሳበጫ ብቻ ነው።

ሱሉልታ ጠዋት ብርዱ ከባድ ነው፣ የሄልሜት መስተዋት በትንፋሽ ይደበዝዛል። ጉም የሚከላከል መስተዋት ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ሳትነዱ ትንሽ ክፍት አድርጉት። ጥቁር መስተዋት ለጠዋትና ለምሽት አይሆንም። በጋ ላይ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉት፣ ይጫጫራል። መጀመሪያ በውኃ አርጥቡት።

9. ጎ-ካርት

ጎ-ካርት ቀበቶ የለውም። የሚከላከላችሁ የብረት ካቢን ስለሌለው ሲገለበጥ ታስሮ ከሥሩ ከመቅረት መውጣት ይሻላል። የሚጎዳው ብዙ ጊዜ የጎን አጥንት ነው፣ የጎን አጥንት መከላከያ ልበሱ። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተለቀቀ ፀጉር በፍጹም። የኋላው ዘንግና ሰንሰለት ክፍት ነው፣ ጫፉን ከያዘ አንገት ይዞ ይሄዳል። ሁሉም ቱታ ውስጥ ይግባ።

10. ሜዳው ላይ ከመጀመራችሁ በፊት

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939 ነው። ከከተማ ስትወጡ ግን አምቡላንስ ፈጥኖ ይደርሳል ብላችሁ አትተማመኑ። አንድ የማይወዳደር መኪና ነዳጅ ሞልቶ፣ ወደ መንገድ ዞሮ ይቁም። ሾፌሩም የማይወዳደር ይሁን። ኔትወርክ የትኛው ጥግ እንደሚሠራ ቀድማችሁ እወቁ። የት እንደምትሄዱም ቀድማችሁ ወስኑ፤ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል አለው፣ አቤት ሆስፒታል ደግሞ ለአደጋና ለድንገተኛ ሕክምና የተቋቋመ ነው።

ሰው ከወደቀ ሄልሜቱን አትንጠቁት። አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። እየተነፈሰ ከሆነ መስተዋቱን ክፈቱ፣ ጭንቅላቱን ባለበት ይዛችሁ አናግሩት። ካልተነፈሰ ብቻ ሁለት ሰው ሆናችሁ አውልቁት፤ አንዱ አንገትና አገጭ አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላው ቀስ አድርጎ ያወጣል። ይህን በሰላም ቀን ተለማመዱት።

ለቃጠሎ ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል አይቀባም። አንድ ሁለት ጀሪካን ንጹሕ ውኃ ከሻዩ ጋር አብሮ ይምጣ።

11. አያያዝና አጣጣል

ሄልሜታችሁን ከሞተር ኮርቻ ላይ አታስቀምጡት፣ ይወድቃል። የሞተሩ የጎን መስታወት ላይም አትስቀሉት፣ የመስታወቱ ጫፍ ፎሙን ይጎደጉደዋል። ከቤንዚን ጀሪካን ጋር ኮፈን ውስጥ አታሳድሩት። ጨርቁን በለብታ ውኃና በለስላሳ ሳሙና አጥባችሁ ጥላ ላይ አድርቁ። ሄልሜት የምትዋዋሱ ከሆነ እያንዳንዱ የራሱ የጥጥ የራስ መሸፈኛ ይኑረው።

የገዛችሁ ዕለት ትንሽ ወረቀት ላይ ጻፉ። መቼ ተሠራ፣ መቼ ተገዛ፣ ከማን። ከጨርቁ ሥር አስገቡት። ከዚያ በኋላ በወደቀ ቁጥር ቀኑን ጨምሩበት። ጭንቅላት ውስጡ ሆኖ ከተመታ ግን የሚጻፍ ነገር የለም፣ ሥራውን ጨርሷል።

ያኔ ለቆራሌው እንዲሁ አትስጡት። ቆራሌው ምን ያውቃል፣ ይሸጠዋል። ገዢው ቀለም ይቀባዋል፣ አንድ ልጅ ደግሞ ደስ ብሎት ይገዛዋል። መጀመሪያ መቀስ አንሱ። ሁለቱንም የአገጭ ማሰሪያዎች ከሥራቸው ቁረጡ። ጨርቁን አውጡ፣ ፎሙ ላይ በማርከር ‹‹ተመትቷል›› ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት። ከዚያ ስጡት።